ጠቅልላችሁ ጎንደር ለምትመጡ፦ ሁለት ሲም፣ ሁለት ምድጃ፣ አንድ ትልቅ ሮቶ

የአክስቴ ልጅ ሰሞኑን ከሲያትል ደወለችልኝ። አሥራ ስምንት ዓመት ኖራ ጠቅልላ ልትመጣ ነው። ወረቀትና እስክሪብቶ ይዛ ነው የደወለችው። «ጥሩ ኢንተርኔት የማን ነው? ጥሩ ባንክስ የትኛው ነው? ሐኪምስ?» እኔም ከዋሽንግተን ስመለስ የያዝኩት ዝርዝር ቁርጥ ይሄንኑ ነበር። ግማሹን እንደመለስኩላት መስመሩ ተቋረጠ። የቀረውን እዚህ ልጻፈው፤ የሚጠይቀኝ እሷ ብቻ አይደለችምና። አንቺ የምለው እሷን ነው፣ ሌላችሁም አብራችሁ አንብቡ። ዋጋ አልጠቅስም። እስክታነቡት ይለወጣል።

ስሚ እንግዲህ። እዚህ «የትኛው ይሻላል» ብለሽ አንዱን ብቻ ከያዝሽ አንድ ቀን ጉድ ትሆኛለሽ። ዋናው ነገር አንዱ ሲጠፋ የሚተካው ሌላ መኖሩ ነው።

ከውኃ ልጀምር። ጎንደር ላይ ውኃ በፈረቃ ነው። ከተማዋ ለብዙ ዓመት የኖረችው በአንገረብ ግድብ ነው። ግድቡ ደለል እየሞላው፣ ሰዉም እየበዛ ሄደ። ፈረቃው እንደየሰፈሩ ይለያያል፤ ቤት ስታዪ መጀመሪያ መጠየቅ ያለብሽ ይሄንን ነው። እኔ የመጀመሪያውን ቤቴን የተከራየሁት ለእይታው ብዬ ነው። በረንዳው ላይ ቁጭ ስትዪ የፋሲል ግቢ ማማዎች ይታያሉ። ደላላው «እዚህ ሆነሽ ቡናሽን ስትጠጪ ይታይሽ» ሲለኝ ልቤ ቀለጠ። ቡናውን በምን ውኃ እንደማፈላ አልጠየቅኩትም። ቤቱ ዳገት ላይ ነው። በፈረቃችን ቀን እንኳ ከታች ያሉት ሮቷቸውን ሞልተው እስኪጨርሱ ወደ እኛ አይወጣም። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ቧንቧው እንደ ድመት ማስነጠስ ሲጀምር ብርድ ልብሱን ወርውሬ፣ ባልዲ ይዤ ስሮጥ አስቢኝ። ስድስት ወር ታገስኩና ለቀቅኩ።

ስለዚህ አከራዩን «ውኃ አለ ወይ?» ብለሽ አትጠይቂ። አለ ነው የሚልሽ። ጀሪካን ይዛ የምታልፍ የሰፈር ልጅ ጠይቂ። ስንት ቀን እንደሚቆይ፣ ስንት ሰዓት እንደሚመጣ፣ የትኛው ግቢ እንደማይደርሰው ሁሉንም ትነግርሻለች። እይታ ከፈለግሽ ቅዳሜ ቅዳሜ ጎሃ ሆቴል ውጪና ማኪያቶ አዝዢ፤ ከተማዋ ሁሉ ከእግርሽ ሥር ናት።

ሮቶ ስትገዢ ሰፋ ያለውን ውሰጂ። አንድ ሰው ቆጠብ አድርጎ በቀን 50 ሊትር ቢጠቀም፣ ባለ 2,000 ሊትሩ ለሁለት ሰው 20 ቀን ያህል ያደርሳል። ባለ 1,000 ሊትሩ ረከስ ይላል፣ ፈረቃው አንዴ ከዘለለሽ ግን ያስለቅስሻል። ያኔ ያለሽ አማራጭ ቦቴ ነው። ቦቴ ብቻሽን አትጥሪ፤ ከሁለትና ሦስት ጎረቤት ጋር ተካፈሉት። በክረምት ደግሞ የጣሪያሽን አሸንዳ ወደ ሮቶው አዙሪው። ለልብስና ለመጸዳጃ ከበቂ በላይ ነው።

ለመጠጥ ሦስቱንም ሞክሬያለሁ። የታሸገ ውኃ ቀላል ነው፣ ግን ወጪው ወር ሲሞላ ነው የሚሰማሽ፣ ባዶ ሃይላንዱም ቤት ይሞላል። ማፍላት አስተማማኝ ነው፣ መብራትና ከሰል ይበላል። ውኃ አጋር የሚባለው የክሎሪን ፈሳሽ ከሁሉም ይረክሳል፤ ለ20 ሊትር ጀሪካን በክዳኑ አንድ ጊዜ ጨምረሽ 30 ደቂቃ ትጠብቂያለሽ። የደፈረሰ ከሆነ በንጹሕ ነጠላ አጥልይው። ሽታው መጀመሪያ ያስጠላል፣ ክዳኑን ከፍተሽ ስታሳድሪው ይቀንሳል። እኔ አሁን ለመጠጥ አፍልቼ፣ ለአትክልት ማጠቢያ ውኃ አጋር ነው የምጠቀመው። የታሸገ የምገዛው ለመንገድ ነው።

ኢንተርኔት። ኢትዮ ቴሌኮም (09) እና ሳፋሪኮም (07) አሉልሽ። ሳፋሪኮም በ2015 መጀመሪያ ላይ ሥራ ሲጀምር ሰፈራችን የነበረው ወረፋ ትዝ ይለኛል። የትኛው ይሻላል ላልሽው፣ መልሱ እንደ መኝታ ቤትሽ ነው። አልቀለድኩም። ፒያሳ አካባቢ በጣሊያን ጊዜ የተሠሩት ወፍራም ግድግዳ ያላቸው ቤቶች ውስጥ በር ላይ አራት መስመር የነበረው ኔትወርክ ጓዳ ስትገቢ አንድ ይሆናል። የኪራይ ውል ከመፈረምሽ በፊት ሁለቱንም ሲም ይዘሽ ግቢና ቪዲዮ ክፈቺ። እኔ ለዳታ ሳፋሪኮም፣ ለጥሪና ከከተማ ለመውጣት ኢትዮ ቴሌኮም እይዛለሁ። ወደ ገጠር ስትወጪ 09 ይበልጥ ያስኬድሻል።

ግን ልብ በዪ። በ2015 ክረምት በክልሉ የሞባይል ዳታ ተዘግቶ ለወራት ሳይመለስ ሲቀር፣ ሁለት ሲሜ ምንም አልፈየደልኝም። ሁለቱም አብረው ነው የጠፉት። የቋሚ መስመር ኢንተርኔት ያለበት ቦታ እየፈለግኩ፣ ሻይ እያዘዝኩ ኢሜይሌን አነብ ነበር። ከዚያ በኋላ ለቤቴ መስመር አስገባሁ። ሁለት ነገር ስትይዢ አብረው የማይጠፉ ይሁኑ። ምድጃም እንደዚያው ነው፤ የኤሌክትሪክ ምድጃና የኤሌክትሪክ ምጣድ ሁለት አይባሉም። አንዱ ሲሊንደር ወይ ከሰል ይሁን።

የአሜሪካ ስልክ ቁጥርሽን እንዳትዘጊው! ባንክሽ ኮድ የሚልክልሽ በሱ ነው። በዋይፋይ የሚሠራ ርካሽ ፓኬጅ ላይ አድርገሽው ነይ። እኔ ዘግቼ መጥቼ፣ የራሴን ገንዘብ ለማየት ሦስት ወር ወንድሜን ስለምን ነበር።

ስለ ብር እንነጋገር። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ጀምሮ ምንዛሪው በገበያ ስለሚወሰን የባንኮቹ ዋጋ ይለያያል። ከመላክሽ በፊት በስልክሽ አወዳድሪ፣ አምስት ደቂቃ ነው። ንግድ ባንክ ብዙ ቅርንጫፍ አለው፤ ወረፋውም የዚያኑ ያህል ነው። ዳሸን ባንክ ለውጭ ካርድ ይመቸኛል። አማራ ባንክና ጸደይ ባንክ ደግሞ እዚሁ ለአካባቢው ሰው ቅርብ ናቸው። የዲያስፖራ የውጭ ምንዛሪ ሂሳብ በዶላር፣ በዩሮ ወይም በፓውንድ መክፈት ትችያለሽ። የጓሮው መንገድ፣ ማለት ጥቁር ገበያው፣ ዋጋው ያጓጓል፣ እኔ ግን አልመክርሽም። ሕገ ወጥ ነው፣ ገንዘቡ ቢጠፋም ለማን አቤት ትያለሽ? ለዕለት ተዕለት ቴሌብር፣ የኢትዮ ቴሌኮም የስልክ ገንዘብ፣ ይበቃሻል፤ ባጃጁም፣ ሱቁም፣ ነዳጅ ማደያውም ይቀበለዋል። ኤምፔሳን በሳፋሪኮሙ ሲም ላይ ለመጠባበቂያ ያዢው። ትንሽ ጥሬ ብር ግን ከቦርሳሽ አይጥፋ፤ ኔትወርክ ሲሄድ ሁለቱም ይሄዳሉ።

ደግሞ የአሜሪካ ዜጋ እስከሆንሽ ድረስ እዚያ ግብር ማሳወቅ አይቀርልሽም። ውጭ ለሚኖር እስከ ሰኔ 8 (በፈረንጅ ጁን 15) ጊዜ ይሰጣል። እዚህ ያሉሽ ሂሳቦች ድምር በዓመቱ ውስጥ አንድ ቀን እንኳ ከ10,000 ዶላር ካለፈ፣ ያንንም ለብቻው ታሳውቂያለሽ።

ወረቀት ላይ አላደክምሽም። ቢጫ ካርዱን፣ ማለት የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያውን፣ እዚያው ኤምባሲ ጨርሰሽ ነይ። በአዋጅ ቁጥር 270/1994 መሠረት ቪዛም፣ የመኖሪያ ፈቃድም፣ የሥራ ፈቃድም አያስፈልግሽም። መምረጥና መመረጥ ግን የለም። ዲግሪሽንና የጋብቻ ወረቀትሽን አረጋግጠሽ ያዢ። እዚህ ስትደርሺ ፋይዳ፣ ማለት ብሔራዊ መታወቂያ፣ ተመዝገቢ፤ በነፃ ነው፣ ባንክ ሲጠይቅሽ ያኔ አትሮጪም። ዩኒቨርሲቲ የሚያስተምር ሕንዳዊ ጎረቤት አለኝ። እሱ የሥራና የመኖሪያ ፈቃዱን ማሳደስ አለበት። የእኔን ካርድ ባየ ቁጥር «አንቺ እኮ ሳታውቂው ሎተሪ ደርሶሻል» ይለኛል።

ገበያም ከእኔ ይልቅ እሱን ብትጠይቂ ይሻልሻል። ቅዳሜ ገበያን እንደ እጁ መዳፍ ነው የሚያውቀው። ሽንብራና ምስሩን የሚገዛው ዘንቢል ይዞ፣ እፍኝ አንሥቶ፣ አሽቶ፣ ነፍቶ ነው። «ጨምሪበት እንጂ እታለም!» ሲል ነጋዴዋ ስቃ ትጨምርለታለች። እኔ አዲስ የመጣሁ ሰሞን ፒያሳ ካሉት ሱቆች በፌስታል የታሰረ ሽሮ ስገዛ አይቶኝ አፍሮብኛል። ልዩነቱ ይሄ ነው፦ ጥራጥሬ፣ ጤፍ፣ በርበሬ፣ ነጭ ሽንኩርትና ሰሊጥ ከቅዳሜ ገበያ፤ አይብ፣ ፓስታና የሕፃን ወተት ከፒያሳና ከማራኪ ሰፈር ሱቆች። በርበሬና ጤፍ ላይ የሚያውቅ ሰው ይዘሽ ሂጂ፤ አፍሽ ገና ፈረንጅ ፈረንጅ ካለ ዋጋው ይሰማዋል። በሁዳዴ 55 ቀን ብዙው ሥጋ ቤት ዝግ ነው፤ የማትጾሚ ከሆነ ቀድመሽ አስቢበት።

ይሄው ጎረቤቴ ነው የፕሬዠር ድስት ያስገዛኝ። ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,100 ሜትር በላይ ስለሆነች ውኃ በ93 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። ሽንብራ ታዲያ በተራ ድስት ሲንተከተክ ይውላል፣ በፕሬዠር ግን ግማሽ ጊዜ እንኳ አይፈጅም።

ሕክምና ላይ፣ ለከባድ ነገር የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ነው። ተቋሙ እ.ኤ.አ. በ1954 የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ሆኖ ሲጀመር ጀምሮ የጤና ባለሙያ ያፈራል። ስፔሻሊስቱ እዚያ ነው። ወረፋው ረጅም ነው፤ በጠዋት ሂጂ፣ የሚጠብቅልሽ ሰው ይኑር። ለጉንፋን፣ ለደም ግፊት ክትትልና ለላቦራቶሪ የግል ክሊኒክ ይበቃል። የአሜሪካ ኢንሹራንስሽ እዚህ በቀጥታ አይከፍልም፤ ደረሰኝ በማኅተም እያስወጣሽ ሰብስቢ። እኔ አንዴ ያለ ማኅተም የተሰጠኝን ደረሰኝ ልኬ ተመልሶልኛል። መተማ ወይም ሁመራ የምትወርጂ ከሆነ ወባውን አትናቂ፤ ቆላ ነው።

መጓጓዣ ቀላል ነው። በሠፈር ውስጥ ባጃጅ፣ ወደ አዘዞ ሚኒባስ። ባጃጅ ላይ ከመግባትሽ በፊት «ኮንትራት ነው ወይስ በሰው?» በዪ፤ ካልጠየቅሽ ኮንትራት ሆኖ ይቆጠርብሻል። ወደ አዲስ አበባ አውሮፕላን ነው የምመክርሽ። የአየር መንገድ ቲኬት ላይ ያለው ሰዓት የፈረንጅ ነው፤ የሚወስድሽን ሾፌር በሐበሻ ሰዓት ቅጠሪው። ለጥምቀት ለመምጣት ያሰበ እንግዳ ካለሽ ቲኬቱንም አልጋውንም ቀድመሽ ያዢ። ጥር ላይ «የት ይተኙ?» ብለሽ ብትደውዪልኝ አላነሳም።

መጨረሻ የጠየቅሽኝ ስለ ሻንጣ ነበር። ሁለት ሻንጣ፣ እያንዳንዱ 23 ኪሎ። ብሌንደርሽን አታምጪ። የቡና መፍጫሽንም አታምጪ። እዚህ መብራቱ 220 ቮልት ነው፣ የአሜሪካው ዕቃ 120 ነው። የእኔ መፍጫ ለአሥር ሰከንድ ያህል በሕይወቱ ፈጭቶ የማያውቀውን ያህል ፈጨ፤ ከዚያ ጢሱ ወጣ። ቤቱ ሁለት ቀን የተቃጠለ ጎማ ሲሸት ከረመ። አከራዬ እማማ ገብተው አዩና «ሙቀጫ እያለልሽ» ብለው ወጡ። ስልክና ላፕቶፕ ግን ቻርጀሩ ላይ 100–240 የሚል ካለ ችግር የለም። ፍሪጅ እዚሁ ግዢ፣ ከስታብላይዘር ጋር። ኤሌክትሪክ ዕቃውን ከተውሽ ቦታ ይተርፍሻል፤ ጥሩ የራስ ባትሪ፣ ሁለት ፓወር ባንክ፣ የምትወስጂውን መድኃኒት የስድስት ወር ከነማዘዣው፣ የዝናብ ጫማ።

የዝናብ ጫማውን ሁለት ጥንድ አድርጊው። የእኔ ቁጥር 38 ነው።