የጀልባችን ጉዳይ፦ ትቀየር ወይስ ትታደስ? ለጠቅላላ ጉባኤ የሚቀርብ የጋራ ሐሳብ

ሰብሳቢ
እንደምን ሰነበታችሁ። ስለ ማኅበራችን የዓሣ ማስገሪያ ጀልባ ለጠቅላላ ጉባኤው አንድ የውሳኔ ሐሳብ ይዘን መቅረብ አለብን። ሁኔታዋን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፤ ወለሏ ዝጓል፤ ጣና ላይ ካለው ከደቅ ደሴት ስትመለስ ከሠራተኞቹ አንዱ መንገዱን ሙሉ ውኃ ሲጨልፍ ነው የሚመጣው። ሞተሩም እያስቸገረ ነው። ካዝናችን ውስጥ ያለው የአዲስ ጀልባ ዋጋ ሲሶውን አይሞላም። እንግዛ፣ እናድስ፣ ወይስ ሌላ መላ አለ? የሚሰማችሁን ሳትሸሽጉ ጻፉ፤ ረቂቁን እኔ አሰናዳለሁ።

ወጣት አባል፣ የመረብ ክፍል
እኔ አዲስ እንግዛ ባይ ነኝ። በየጊዜው ለብየዳ፣ ለካንዴላ፣ ለቤንዚን ፓምፕ የምናወጣው ተደምሮ ሲታይ ያማል። ገንዘቡን ከፀደይ ባንክ ተበድረን እዳውን በዓሣው እየከፈልን እንዝለቀው። በብረት ፋንታ ፋይበር ግላስ ብትሆን ደግሞ ዝገት የሚባል ነገር አይነካትም፣ ቀላልም ናት፣ ቤንዚን ትቆጥባለች።

ገንዘብ ያዥ
ወንድሜ፣ ሐሳብህን አከብራለሁ፤ ግን ዋጋው እኛ በለመድነው ልክ አይደለም። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ ዶላሩ 57 ብር ገደማ ነበር፤ ብዙም ሳይቆይ 100 ብርን አለፈ። ሞተሩ ከውጭ ነው የሚመጣው። የፋይበሩ ሙጫም ከውጭ ነው። ለአሮጌዋ ጀልባ በየጊዜው የሚወጣው ያማል፣ አዎ፤ ለባንክ በየወሩ የሚከፈለው ግን ዓሣ ተገኘም አልተገኘም አይቀርም። ክረምት ላይ ገበያውም ሐይቁም ሲከብድ ከየት አምጥተን ነው የምንከፍለው? የብዙዎቻችን ማስያዣ ቤታችን ነው። ለጀልባ ብዬ የአባላትን ቤት ማስያዝ አልፈልግም።

አንጋፋ ጀልባ ነጂ
ልጆቼ፣ እኔ የማውቀውን ልናገር። በ1978 ዓ.ም. ገደማ ሞተርና ዘመናዊ መረብ ጣና ላይ ከመግባቱ በፊት ሁሉም በደንገል ታንኳ ነበር የሚሠራ። ከዚያ ወዲህ የተበላሸ ሞተር ብዙ አይቻለሁ። ሞተር ቢጠፋ ማዕበሉ ወደ አንዱ ዳር ይገፋሃል፣ ታድራለህ፣ ትርባለህ፣ ጠዋት ሰው ያገኝሃል። ወለል ቢቀደድ ግን የሚጠብቅህ ሰዓት የለም። ከቀትር በኋላ ነፋሱ ሲነሣ ጣና ሌላ ነው። ስለዚህ ገንዘባችን ትንሽ ከሆነ መጀመሪያ ወለሉ ላይ ይዋል። ሞተሩ ይቆይ።

ደግሞ አንድ ነገር፦ ጣፍ የሚባለው ይቅር። በሳሳ ብረት ላይ ሌላ ላሜራ ስትበይድ እሳቱ አጠገቡን ይበሳዋል፤ በሁለቱ መካከል የገባው ውኃም ከውስጥ ያዝገዋል። ባለፈው የተጣፈውን ሂዱና እዩት፣ ዳር ዳሩን በልቶታል።

ዓሣ አዘጋጅና ሻጭ
ጋሼ ያሉት ልክ ነው፤ ነገር ግን የእኛም ወገን ይታሰብ። ሞተር ጠፍቶ ጀልባ ሐይቅ ላይ ስታረፍድ አምባዛው ይቆይ ይሆናል፣ ቆሮሶው ግን ፀሐይ ላይ ይበላሻል። ማለዳ የደረሰ ዓሣና ረፋድ ላይ የደረሰ ዓሣ በአንድ ዋጋ አይሸጥም። በተለይ በዐቢይ ጾም ፈላጊው ሲበዛ አንድ ቀን መቅረት ብዙ ያሳጣናል። ሞተሩ ይቆይ ከተባለ ቢያንስ በደንብ ይጠገን።

ወጣት አባል፣ የመረብ ክፍል
እታለም ካነሡት ላይ ልቀጥል። ባለ 15 የፈረስ ጉልበት ሞተር ዋጋው ይቀንሳል፣ ቤንዚንም አይበላም። ለምን እሱን አንገዛም? ወይም ሸራ ብንሰቅልባትስ? ነፋሱ በነፃ ነው።

የሜካኒክነት ልምድ ያለው አባል
ሁለቱንም ልመልስ። ጣና ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ነው፤ አየሩ ስስ ነው። ሞተር በየ300 ሜትሩ ከጉልበቱ 3 በመቶ ያህል ያጣል፤ እኛ ጋ ሲደርስ 18 በመቶ ገደማ ይሆናል ማለት ነው። 25 የፈረስ ጉልበት የተባለው ሞተር 20 አካባቢ፣ 15 የተባለው 12 ብቻ ይሰጣል። መረብና ዓሣ የጫነችን የብረት ጀልባ በ12 ማዕበል ላይ ማስኬድ ሞተሩን መግደል ነው። ሙሉ ጉልበቱን እያወጣ ስለሚሠራ የቤንዚኑም ቁጠባ አይገኝም። ያለን ሞተር ፒስተኑና ፋሻው (የፒስተኑ ቀለበት) ታይቶ ቢታደስ፣ ፕሮፔለሩም ለከፍታው የሚስማማ ቢሆን የእታለም ችግር በአብዛኛው ይቃለላል ብዬ አምናለሁ። እምቦጭ ባለበት በኩል ስንሄድ የማቀዝቀዣ ውኃ መሳቢያውን ቶሎ ቶሎ ማጽዳት ነው፤ ሲደፈን ነው የሚግለው።

ሸራው ላይ፦ የጀልባችን ወለል ጠፍጣፋ ነው። ከሥሯ ውኃውን ይዞ የሚያቆማት ነገር ስለሌለ ነፋስ ከጎን ሲመጣ ወደፊት ሳይሆን ወደ ጎን ነው የምትንሸራተት። ነፋስ ከኋላ ሲሆን ብቻ ይረዳል። ለክፉ ቀን፣ ሞተር ሲጠፋ ወደ ዳር ለመጠጋት፣ አንድ ሸራና እንጨት ተጠቅልሎ ጀልባዋ ላይ ቢቀመጥ ግን ደስ ይለኛል። ሸራ ከመረብ ርካሽ ነው።

አንጋፋ ጀልባ ነጂ
ሸራው ይግባ። መቅዘፊያም ሁለት።

ገንዘብ ያዥ
ወለሉን ሙሉ በሙሉ መቀየር ስንት እንደሚመጣ ሒሳቡ ይገባኝ። መጠኑን ማን ያውቀዋል?

የሜካኒክነት ልምድ ያለው አባል
ርዝመቷ 7 ሜትር፣ የወለሉ ስፋት በአማካይ 1 ሜትር ከ40። 10 ካሬ ሜትር እንበል። ባለ 4 ሚሊ ሜትር ላሜራ በካሬ ሜትር 31 ኪሎ ገደማ ይመዝናል፤ በጠቅላላው 314 ኪሎ። 1 በ2 ሜትር በሆነው ላሜራ አምስት፣ ለቁርጥራጩ ስድስተኛ ያዙ። ከዚያ አንጎላሬ (የማዕዘን ብረት)፣ የብየዳ ኤሌክትሮድ፣ ፀረ ዝገት ቀለም፣ የበያጁ እጅ። በ3 ሚሊ ሜትር ይሠራ የሚል ይመጣ ይሆናል፤ ብረቱ ይቀላል፣ ዕድሜውም ያጥራል፤ እኔ አልስማማም።

ከሁሉ በፊት ግን ጎኖቿ መፈተሽ አለባቸው። ቀለሙ በብረት ብሩሽ ተፍቆ በመዶሻ ይንኳኳ፤ ጤነኛ ብረት ይጮኻል፣ የተበላው ድምፁ ይታፈናል። አጠራጣሪው ቦታ ይበሳና ውፍረቱ ይለካ። 4 የነበረው ከ3 በታች ወርዶ በብዙ ቦታ ከተገኘ እድሳቱ ይቅር፤ ያኔ በጀልባዋ ላይ የሚወጣው ገንዘብ ውኃ ውስጥ የተጣለ ነው፣ እኔም ወደ ግዢው ወገን እዞራለሁ።

ዓሣ አዘጋጅና ሻጭ
ጊዜው መቼ ይሁን? በጾሙ መካከል ጀልባዋን ከውኃ እንዳታወጡብን።

አንጋፋ ጀልባ ነጂ
ከፋሲካ በኋላ። ግንቦት ላይ ሐይቁ ይሸሻል፣ ዳሩ ይሰፋል፤ ያለ ክሬን በእንጨት እያንከባለልን ደረቅ ላይ እናወጣታለን። ብየዳውም ቀለሙም ሰኔ ሳይገፋ ማለቅ አለበት፤ እርጥብ ብረት ቀለም አይዝም። እስከዚያው በታንኳ ቅርብ ቅርቡን መረብ እንጥላለን። ደንገል ውኃ እየጠጣ ስለሚከብድ በየተራ የሚደርቁ ሁለት ታንኳዎች ቢኖሩ ይበጃል።

ሰብሳቢ
እንግዲህ እስካሁን ከተባለው ረቂቁን እንዲህ አድርጌዋለሁ፤ የጎደለ ካለ ጨምሩ።

«ማኅበሩ በዚህ ዓመት አዲስ ጀልባ አይገዛም፣ ብድርም አይገባም። ጀልባዋ ከፋሲካ በኋላ ከውኃ ወጥታ ጎኖቿ በመዶሻና በልኬት ይፈተሻሉ። ጎኖቿ ጤነኛ ከሆኑ ወለሏ በባለ 4 ሚሊ ሜትር ላሜራ ሙሉ በሙሉ ይቀየራል፤ በጣፍ አይሠራም። ሞተሩ ተፈትቶ ይታደሳል። ፈተናውን ካላለፈች አንድ ብር ሳይወጣባት በብረት ዋጋ ትሸጥና ጉዳዩ ለአስቸኳይ ጉባኤ ይቀርባል። ከመጪው ጥቅምት ጀምሮ ከእያንዳንዱ የዓሣ ሽያጭ ላይ ጉባኤው የሚወስነው ድርሻ ለጀልባ መቀየሪያ በተለየ ሒሳብ ይቀመጣል፤ ለሌላ ጉዳይ አይነካም።»

ወጣት አባል፣ የመረብ ክፍል
የተለየው ሒሳብ ካለበት እስማማለሁ። ያለሱ ግን ከጥቂት ዓመት በኋላ እዚሁ ቦታ ቆመን ይህንኑ እንነጋገራለን። ሒሳቡ የሦስት ሰው ፊርማ ይኑረው፣ አንዱ ከወጣቶቹ ይሁን። ደግሞም ለእያንዳንዱ ተሳፋሪ የነፍስ አድን ጃኬት ይጨመር። ረቂቁ ላይ የለም።

ገንዘብ ያዥ
ጃኬቱ እንዲያውም መቅደም አለበት። እድሳቱን ሳይጠብቅ በእጃችን ካለው ይገዛ፤ እችላለሁ። ለላሜራውና ለብየዳው ከሦስት ቦታ ፕሮፎርማ አመጣለሁ። በያጁ ሥራ ከመጀመሩ በፊት የቤንዚን ታንከሩ ከጀልባዋ መውረዱ በውሉ ይጻፍልኝ።

ሰብሳቢ
ጃኬቱም፣ ሸራውም፣ ሦስቱም ፊርማ ገብተዋል። እድሳቱ እስኪያልቅ ድረስ ደግሞ ጀልባዋ ከዘጌ አልፋ አትሂድ፤ ነፋስ ሳይነሣ፣ ከቀትር በፊት ትመለስ። ይህኛው ጉባኤ አይጠብቅም፤ ከነገ ጠዋት ጀምሮ ይሠራበታል።