ከጎንደር አክሱም፦ በአየርና በመኪና

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። ከጅማ ተነሥተን ከእናቴ ጋር ጎንደርንና አክሱምን ልንሳለም አስበናል። በሁለቱ ከተሞች መካከል ያለው ርቀት በአየርና በመኪና ምን ያህል ይለያያል?

ምላሽ 1፦ በቀጥታ መስመር ወደ 215 ኪሎ ሜትር ሲሆን፣ መንገዱ ግን ከደባርቅ በኋላ የሊማሊሞን ጠመዝማዛ ወርዶ፣ ተከዜን ተሻግሮ በሽሬ በኩል ስለሚዞር 350 ያህል ይሆናል፤ ከጅማ አዲስ አበባ ካለው ጋር ይቀራረባል።

ምላሽ 2፦ ርቀቱ ይቀራረብ እንጂ ድካሙ አይመሳሰልም፤ የግቤ ቁልቁለት ከሊማሊሞ ጋር አይወዳደርም። ለእናትዎ አውሮፕላን ይሻላል፤ ሆኖም በረራው በአዲስ አበባ በኩል ከሆነ የአየሩ ጉዞ ወደ 1000 ኪሎ ሜትር እንደሚጠጋ ይወቁ።

ምላሽ 3፦ በመኪና ከሆነ ደባርቅ አድራችሁ ሊማሊሞን በጠዋት ውረዱ፤ አስቀድማችሁም የመንገዱን ጸጥታ አጣሩ።