«ድምፁን አጥፍታችሁ እዩት»

የማታ ተመልካች፦ ትናንት አንድ የፊልም ሃያሲ በሬዲዮ ሲያወራ ሰምቼ ደሜ ፈላ። «ጥሩ አስፈሪ ፊልም ሙዚቃ አያስፈልገውም፤ ካላመናችሁ ድምፁን አጥፍታችሁ እዩት፣ አብዛኛው ያስቃል» አለ። ኧረ በፈጠራችሁ! ዳይሬክተሩ ሂችኮክ ራሱ በ1960 የ«ሳይኮ»ን የሻወር ትዕይንት ያለ ሙዚቃ ነበር የፈለገው። የሙዚቃ ደራሲው በርናርድ ኸርማን ቃሉን ጥሶ ጻፈለት፤ ሰውየው ሲሰማው ሐሳቡን ቀየረ። አሁን እሱን ድምፅ አልባ አድርጋችሁ እዩትና ንገሩኝ።

ሦስተኛ ረድፍ፦ ሃያሲው ምን አጠፋ? የዛሬዎቹ በር በተከፈተ ቁጥር «ዷ!» ያደርጉብናል። ምንድን ነው ስንል ድመት። መደንገጥና መፍራት ለየቅል ናቸው። የቫዮሊን ጩኸት ማንንም ያስደነግጣል።

ባለ ቫዮሊኗ፦ አህያውን ፈርቶ ዳውላውን! «ዷ!» ይግባልኝ የሚለው ዳይሬክተሩ፣ ስድቡ ለሙዚቀኛው። ደግሞ «የቫዮሊን ጩኸት» ያልከው የ«ሳይኮ» ሙዚቃ ነፋሽ የለ፣ ከበሮ የለ፣ ከቫዮሊን እስከ ባስ ባለ አውታር ብቻ ሆኖ ሙሉ ፊልም የተሸከመ ሥራ ነው። «ድምፁን አጥፍታችሁ እዩት» ካላችሁ እኔ ደግሞ ምስሉን አጥፍታችሁ ስሙት እላለሁ። ማን ቀድሞ መብራት እንደሚያበራ እናያለን።

ሦስተኛ ረድፍ፦ ምስል አጥፍቶ የሚሰማማ ሬዲዮ ነው እህቴ።

ባለ ቫዮሊኗ፦ ድምፅ አጥፍቶ የሚታየውስ? የፎቶ አልበም?

ዝምታ ወርቅ ነው፦ እኔ ከሃያሲው ጋር ነኝ። ወፎች ሰው የሚያጠቁበት «ዘ በርድስ»፣ 1963፣ ያው ሂችኮክ። የፊልም ሙዚቃ የለውም። አለቀ።

የማታ ተመልካች፦ አላለቀም ወንድሜ። ኦስካር ሳላና ሬሚ ጋስማን ትራውቶኒየም በሚባል የኤሌክትሮኒክ መሣሪያ ድምፅ ሠርተውለታል። የድምፅ አማካሪው ማን መሰለህ? ኸርማን! እስቲ ድምፁን አጥፍተህ እየው፣ ቁራዎቹ ለስብሰባ የመጡ ነው የሚመስሉህ።

ዝምታ ወርቅ ነው፦ እሱ ድምፅ ነው እንጂ ሙዚቃ አይደለም።

ባለ ቫዮሊኗ፦ በመሣሪያ ተጫውተውት ሙዚቃ ካልሆነ እኔ ደመወዝ የሚከፈለኝ ለምንድን ነው?

ዝምታ ወርቅ ነው፦ እሱን ቀጣሪሽን ጠይቂ።

ዘግይቼ ገባሁ፦ ማንም የሻርኩን ፊልም «ጆውስ»ን ሳያነሳ እዚህ ደረሳችሁ? 1975፣ የጆን ዊሊያምስ ሙዚቃ፣ ሁለት ኖታ። ልብ በሉ፤ ሁለቱ ልጆች ከካርቶን በተሠራ የሻርክ ክንፍ ዋናተኛውን ሁሉ ሲያተራምሱ ያ ሙዚቃ የለም። እውነተኛው ሻርክ ሲመጣ ግን አለ። ሙዚቃው ስለማይዋሽ ሻርኩን ሳናየው እንፈራዋለን።

ሦስተኛ ረድፍ፦ ራስህ አመጣኸው! ጀልባዋ ላይ ፖሊሱ ፊቱን አዙሮ ማማለያውን ወደ ባሕሩ ሲጥል ሻርኩ አፉን ከፍቶ ብቅ አለ። ሙዚቃ ነበር? አልነበረም። የዘለልኩት እዚያ ላይ ነው።

ዘግይቼ ገባሁ፦ ለምን ዘለልክ? ሁለቱ ኖታ ሳይሰሙ ሻርክ እንደማይመጣ አስለምደውህ ነዋ!

ሦስተኛ ረድፍ፦ እንግዲህ ሙዚቃ ሲኖር ጀግናው ሙዚቃው፣ ሳይኖርም ጀግናው ሙዚቃው። ከእናንተ ጋር ክርክር አይቻልም።

የማታ ተመልካች፦ ፈተናው እኮ ተሞክሯል። ዳይሬክተሩ ጆን ካርፔንተር በ1978 «ሃሎዊን»ን ሙዚቃ ሳይገባበት ለአንዲት የስቱዲዮ ኃላፊ አሳያት፣ ቅንጣት አልፈራችም። እሱ ራሱ ተቀምጦ ያቺን ባለ አምስት ምት ፒያኖ ሠራ። በኋላ ፊልሙን ወደደችው።

ሦስተኛ ረድፍ፦ ሃያሲው ያለውንማ ደገምክልኝ! ፊልሙ አላስፈራም፣ ፒያኖው አስፈራ።

ባለ ቫዮሊኗ፦ ፒያኖው ከፊልሙ ውጭ ነው? መብራቱስ፣ ኤዲቲንጉስ? እነሱንም አጥፍተህ እይ እንግዲህ።

ሦስተኛ ረድፍ፦ መብራት አይን ውስጥ ገብቶ «አሁን ፍራ!» ብሎ አያዝዘኝም።

ባለ ቫዮሊኗ፦ ምድር ቤቱን ብቻ ጨለማ ሲያደርገው ምን እያለህ መሰለህ?

ዝምታ ወርቅ ነው፦ «ዘ ብሌር ዊች ፕሮጀክት»፣ 1999። እሱንም ሙዚቃ አለው በሉኝ።

የማታ ተመልካች፦ መጨረሻ ላይ ስም ዝርዝር ሲወርድ አለ።

ዝምታ ወርቅ ነው፦ ስም ሲወርድ ያለውን ማን ይቆጥረዋል?

ባለ ቫዮሊኗ፦ ስሙ ከወረደው ሰው አንዱ ይቆጥረዋል።