ሳኒታይዘር ወይስ ሳሙናና ውሃ፦ ተፈጥሮን የበለጠ የሚጎዳው የቱ ነው?

— እኔ ለሳሙናና ለውሃ ነው የምከራከረው። ሳኒታይዘሩ ሲያልቅ እጃችን ላይ የሚቀረው ፕላስቲክ ነው። የፓምፑን ክዳን ፈታታችሁ አይታችሁት ታውቃላችሁ? ውስጡ ትንሽ የብረት ሞላ አለችበት፤ እሷን ከፕላስቲኩ ለይቶ መልሶ ጥቅም ላይ የሚያውለው ስለሌለ ቀጥታ ቆሻሻ ውስጥ ነው የሚገባው። ሳሙና በወረቀት ተጠቅልሎ ይመጣል፣ ታጥበንበት ያልቃል፣ በቃ።

— እህቴ፣ ፕላስቲኩ ላይ እውነትሽን ነው። ውሃውን ግን ረሳሽው። ቧንቧ በደቂቃ 6 ሊትርና ከዚያም በላይ ያፈሳል፤ እጃችንን በሳሙና እያሸን እሱ ዝም ብሎ ይወርዳል። ውሃው ሙቅ ከሆነማ ማሞቂያው የሚበላው ኃይል አለ። በ2022 የታተመ የእንግሊዝና የአየርላንድ ተመራማሪዎች ጥናት ሁለቱን አወዳድሮ ነበር። በአብዛኛው መለኪያ ጉዳቱ አነስተኛ የሆነው አይሶፕሮፓኖል የተባለው አልኮል ያለበት ሳኒታይዘር ነው።

— አይሶፕሮፓኖል እኮ በአብዛኛው የሚሠራው ከነዳጅ ተዋጽኦ ነው! ኢታኖል የሚባለው ሌላው የሳኒታይዘር አልኮልም ቢሆን ከበቆሎና ከሸንኮራ አገዳ ነው የሚመጣው፣ እርሻው መሬትና ማዳበሪያ ይፈልጋል።

— ሳሙናስ? ብዙው የፓልም ዘይት አለበት። ለዚያ ዘይት ሲባል ኢንዶኔዥያና ማሌዥያ ውስጥ ስንት ደን ተመነጠረ።

— እኔ ነርስ ነኝ፣ ቀኑን ሙሉ ሁለቱንም እጠቀማለሁ። ሁለታችሁም የዘለላችሁት ነገር አለ። እጅ ላይ ጭቃ ወይም ቅባት ካለ ሳኒታይዘር በደንብ አይሠራም። ትውከትና ተቅማጥ የሚያመጣው ኖሮቫይረስ ላይም ደካማ ነው። እንዲህ ባለ ጊዜ አልኮል መቀባት ፕላስቲኩንም አልኮሉንም በከንቱ ማባከን ነው፣ ለማንኛውም መታጠባችን አይቀርማ። እጅ ንጹህ ሆኖ ሲታይ ግን ቢያንስ 60 በመቶ አልኮል ያለው ሳኒታይዘር ይበቃል፣ ቧንቧ መክፈት አያስፈልግም። ስትታጠቡም በቀዝቃዛ ውሃ ታጠቡ፤ ጀርሙን የሚያስለቅቀው ሳሙናውና ማሸቱ ነው እንጂ ሙቀቱ አይደለም። እያሻችሁ ቧንቧውን ዝጉት። "ጀርም ገዳይ" የሚል ሳሙናም አትፈልጉ። እንዲህ ባለ ሳሙና ውስጥ የሚጨመረው ትሪክሎሳን የሚባል ኬሚካል ወንዝ ገብቶ የውሃ ውስጥ አልጌን ይጎዳል፤ አሜሪካ በ2016 ከእጅ ሳሙና እንዲወጣ ወስናለች፣ ከተራ ሳሙና እንደሚሻል ማስረጃ አልቀረበምና።

— እሺ ሲስተር፣ በሙቅ ውሃው ተረታሁ፤ ከዛሬ ጀምሮ በቀዝቃዛ ነው። ፕላስቲኩን ግን አልለቅም። ከትልቅ ጀሪካን እየቀዳን ትንሿን ብልቃጥ ብንሞላትስ?

— ይቻላል። በቀረው ላይ ግን አትደርቢበት። መጀመሪያ ታጥባ ትድረቅ።