የወተት ታንከሬ ብየዳው ጎን ተበሳ፤ ላስደፍነው?

እርጎ ቤት፦ ሰላም ናችሁ። አዳማ ላይ እርጎና አይብ እሠራለሁ። የስቴንለስ ታንከሬ ዓመት ሳይሞላው ብየዳው ዳርና ዳር ቡናማ ነጠብጣብ አወጣ። ስፈትገው ይለቃል፤ ከሥሩ ግን የመርፌ ጫፍ የምታክል ቀዳዳ አለች። አንዷ ማንጠባጠብ ጀምራለች። በያጁ «ኦሪጅናል ነው፣ ማግኔት አይዘውም» ብሎ ድርቅ አለ። ማታ በረኪና በጥብጠን ሞልተን እናሳድረዋለን። ላዩን ላስበይደው?

ጎረቤት፦ በያጅ ቀይሪ፣ ተገላገልሽ።

አርጎን ከሐዋሳ፦ ኧረ እህቴ፣ ላዩን እንዳታስደፍኚው! እንዲህ ያለ ቀዳዳ አፉ ጠባብ ነው፣ ሆዱ ሰፊ። ቆሻሻው ውስጥ ታፍኖ ይቀራል።

የማግኔቱ ነገር ያስቀኛል። የስቴንለስ ዓይነቶቹ፣ 304ም አይያዝም፣ 316ም አይያዝም፣ ርካሹ 201ም እንደዚያው። 316 ከ2 እስከ 3 በመቶ ሞሊብዲነም የሚባል ብረት አለው፤ ክሎራይድን (በጨውና በበረኪና ውስጥ ያለውን፣ ስቴንለስ የሚበሳውን) ከሌሎቹ በተሻለ የሚችለው ለዚህ ነው። ማግኔት ይህን አይነግርሽም።

ስቴንለስን ከዝገት የሚያድነው ላዩ ላይ ያለ፣ በዓይን የማይታይ የክሮም ሽፋን ነው። ሲበየድ ጎኑ ሰማያዊና ቡናማ ከሆነ እዚያ ጋ ሽፋኑ ተበላሽቷል፣ ከሥሩም ክሮሙ ሳስቷል። የበረኪናው ክሎራይድ ደካማውን ቦታ መርጦ ይገባል። ሌሊቱን ሙሉ ስታሳድሪው ደግሞ፣ በዚያ ላይ የአዳማ ሙቀት፣ ምን ቀረው? ባትሪ ይዘሽ ውስጡን እዪው እስቲ።

እርጎ ቤት፦ አየሁት። ስፌቱን ተከትሎ እንደ ቀስተ ደመና ነው፤ ነጠብጣቡም እዚያው ላይ ተደርድሯል።

አርጎን ከሐዋሳ፦ በቃ እሱ ነው። የተበሳው ተፈግፍጎ ንጹሕ ብረት እስኪወጣ ይውረድ፤ ከበዛ ተቆርጦ ይለጠፍ። በአርጎን (አየር በሚከላከል ጋዝ) ይበየድ፣ ከጀርባውም አርጎን ይለቀቅበት። ታንከሩ 304 ከሆነ የብየዳ ዘንጉ 308ኤል የሚባለው ይሁን። ከዚያ ቀለሙ በአሲድ ፔስት ይነሣ። ፔስቱ አጥንት ድረስ የሚዘልቅ አሲድ ስላለው ወርክሾፕ ይሠራ እንጂ አንቺ እንዳትነኪው። ተራ ብረት የነካ ብሩሽና ዲስክም አይቅረበው፣ የብረት ብናኙ ራሱ ዝገት ይጀምራል።

እርጎ ቤት፦ እሺ፣ በረኪናውን በምን ልተካው?

አርጎን ከሐዋሳ፦ የወተት ቤቶች ፐርአሴቲክ አሲድ የሚባል ጀርም ገዳይ ይጠቀማሉ፤ በደንብ የፈላ ውሃም ይሠራል። በረኪና ካልሆነ ካልሽ በልኩ አቅጥነሽ፣ ለደቂቃዎች ብቻ፣ ወዲያው በብዙ ውሃ አለቅልቂው። ከአሲድ ጋር ግን እንዳታገናኚው፣ መርዛማ ጋዝ ነው የሚወጣው።