ኮሮላዬ ዘይት እየበላች ነው፣ ነገ ጠዋት መንገድ አለብኝ፣ የምታውቁ ድረሱልኝ

የአራት ኪሎዋ፦
ሰላም ቤተሰብ፣ አስቸኳይ ነው። መኪናዬ ዘይት አልጠግብ ብላለች። ባለፈው ወር ነው የተቀየረላት፣ ዛሬ መለኪያውን ሳወጣው ጫፉ ብቻ ረጥቧል። ማታ ደግሞ ከማዘጋጃ ወደ ለገሃር ስወርድ ቀዩ የዘይት መብራት ብልጭ ብሎ ጠፋ። የሰፈር መካኒክ «ፋሻው (የፒስተን ቀለበቱ) አልቋል፣ ሞተር ይውረድ» አለኝ። ነገ እናቴን ይዤ ደብረ ብርሃን መድረስ አለብኝ። ወፍራም ዘይት ብሞላበት ያደርሰኛል?

ሹፌር 27፦
ወንድሜ፣ ሞዴሉስ? ስንት ኪሎ ሜትር ሄዷል? ጭስ አለው? እኛ ጠንቋይ አይደለንም እኮ።

የአራት ኪሎዋ፦
እህትህ ነኝ። ኮሮላ 2002፣ 1.8፣ ከ240 ሺህ በላይ ሄዳለች። ጭሱን አላየሁም፣ እኔ ፊት ለፊት ነው የማየው።

የሜክሲኮው፦
40 ቁጥር ወፍራም ዘይት ሙይበትና ሂጂ። አባቴ በሱ ነው ታክሲ ነድቶ ያሳደገን።

ቸኩ፦
ቆይ፣ በላች ያለው ማነው? የምታቆሚው ቁልቁለት ላይ ከሆነ መለኪያው ይዋሻል። ሜዳ ላይ አቁሚያት፣ ሞተሩ ከጠፋ ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ጠብቂ፣ መለኪያውን ጠርገሽ መልሰሽ ክተቺና እንደገና አውጪው። ዛሬ ማታ ደግሞ ከሥሯ ካርቶን አንጥፊ። ምናልባት እያፈሰሰች ነው። ሞተር የማውረድ ሱስ ያለበት መካኒክ ሞልቷል።

ጋሽ ካንዴላ፦
ልጆች፣ መጀመሪያ መብራቱን እንነጋገር። ቀዩ መብራት የሚነግራችሁ የዘይት መጠንን ሳይሆን ግፊትን ነው። ቁልቁለት ወይም መዞሪያ ላይ ብልጭ ካለ ዘይቱ በጣም ከመጉደሉ የተነሳ ፓምፑ አየር እየሳበ ሊሆን ይችላል። ልጄ፣ ዘይት ሳትሞዪ ሞተሯን እንዳታስነሺ። ከታችኛው ምልክት እስከ ላይኛው ድረስ በአብዛኛው ከ1 እስከ 1.5 ሊትር ነው፣ ያንቺ ከታችኛውም በታች ነው። ቀስ እያልሽ እየለካሽ ጨምሪ፣ ከላይኛው ምልክት አታሳልፊ።

ሁለተኛ፣ ያ ሞተር 1ዜድዜድ ነው፣ የመጀመሪያዎቹ ዓመታት ምርቶች በዚህ ጠባይ የታወቁ ናቸው። ፒስተኑ ላይ ዘይቱን ወደ ታች የሚመልሱት ቀዳዳዎች ጠባብ ስለሆኑ በካርቦን ይደፈኑና የዘይት ፋሻው ይጣበቃል። ቶዮታ በኋላ ፒስተኑን አሻሽሎታል። ስለዚህ ሞተሩ ወርዶ የድሮው ፒስተን ላይ አዲስ ፋሻ ቢገባ ገንዘብሽን ነው የምታቃጥዪው።

መካኒኩ ኮምፕሬሽን (ፒስተኑ ሲሊንደር ውስጥ የሚያምቀውን ግፊት) ለክቷል ወይስ በጆሮው ነው የፈረደው? ከለካ፣ አዲስ አበባ ከ2300 ሜትር በላይ ስለሆነች ንባቡ መጽሐፉ ላይ ካለው ሩብ ያህል ይወርዳል። ዋናው ነገር አራቱ ሲሊንደሮች መቀራረባቸው ነው። ዝቅ ያለው ውስጥ ትንሽ ዘይት ጠብ ተደርጎ ሲለካ ከጨመረ ፋሻ ነው፣ ካልጨመረ ቫልቭ ነው። ግን የተጣበቀው የዘይት ፋሻው ብቻ ከሆነ ኮምፕሬሽኑ ደህና ሊሆን ይችላል፣ ያ አያዘናጋሽ።

ሹፌር 27፦
ጋሼ፣ ልጅቷ ነገ መንገደኛ ናት፣ ኮሌጅ አልተመዘገበችም።

የሜክሲኮው፦
40 ቁጥር አልኩ እኮ።

ባለ ኤሌክትሪኳ፦
ሽጫትና ኤሌክትሪክ ግዢ። በ2016 የነዳጅ አውቶሞቢል ማስገባት ተከልክሏል፣ እናንተ አሁንም ፋሻ ትቆጥራላችሁ። እኔ ጋ ዘይት የሚገባው ምሳዬ ውስጥ ብቻ ነው።

የአራት ኪሎዋ፦
ብሩን ላኪልኝና ዛሬውኑ ልግዛ። ቸኩ፣ ሜዳ ላይ ለካሁት፣ ያው ነው። ካርቶኑ ደረቅ ነው።

የቄራ ልጅ፦
ደረቅ ከሆነ እያቃጠለች ነው። ወጪ የሌለው ምርመራ ይኸውልሽ፦ ዘይት ከሞላሽ በኋላ አንድ ሰው ከኋላሽ ይከተልሽ። ከፒያሳ ቸርቸልን በማርሽ፣ ነዳጅ ሳትረግጪ ውረጂ። ታች ስትደርሺ ስትረግጪው ሰማያዊ ጭስ ቡፍ ካለ የቫልቭ ላስቲክ ነው፣ ለሱ ሞተር አይወርድም። መልሰሽ ዳገቱን ስትወጪ እስከ ላይ ድረስ ከጨሰ ፋሻ ነው። ሦስተኛ ደግሞ ማንም ያልጠቀሰው ፒሲቪ ቫልቭ (ሞተሩን ከውስጥ ጋዝ የሚያስተነፍሰው) አለ። አውጥተሽ ነቅንቂው፣ ካልተንኳኳ ተደፍኗል፣ ሶማሌ ተራ ታገኚዋለሽ። በሷ ምክንያት ብቻ ሞተር ያወረደ ሰው አውቃለሁ።

ለነገው ዘይት ከሞላሽ በኋላ መብራቱ ካልተመለሰ ሂጂ፣ ግን 2 ሊትር ተጨማሪ ያዢ፣ ሰንዳፋና ሸኖ ላይ አቁመሽ ለኪ። ከተመለሰ ዳር ይዘሽ ሞተሩን አጥፊ፣ «ትንሽ ልጠጋ» የሚባል ነገር የለም። አንዳንድ አምራቾች በ1000 ኪሎ ሜትር እስከ 1 ሊትር ይታገሳሉ፣ ስለዚህ በስንት ኪሎ ሜትር ስንት እንደጨመርሽ ጻፊ።

ቸኩ፦
ጨመቅ አድርጎ የነገረን ይሄ ነው። እናትየውን ግን በአውቶቡስ ብትልኪያቸው ይሻላል።

ጋሽ ካንዴላ፦
ስትመለሺ ሞተር ከማውረድሽ በፊት ካንዴላዎቹን አስወጥተሽ በየሲሊንደሩ የካርቦን ማሟሟቻ አስደርጊና ይደር። አደራ፣ ካንዴላ ሳይመለስ ሞተሩ ዞሮ ፈሳሹን ይትፋ፣ ፈሳሽ አይታመቅም፣ ቢዬላ (የፒስተኑን ዘንግ) ያጣምማል። ከዚያ ዘይትና ፊልትሮ ይቀየር። ሁልጊዜ አይሠራም፣ ግን ሞተር ከማውረድ ይረክሳል። ናፍጣ ጨምረሽ እጠቢ የሚልሽን አትስሚ።

የሜክሲኮው፦
ናፍጣ ልል ነበር።

ሚሚ ቪትዝ፦
ይቅርታ ጣልቃ ገባሁ፣ የኔ ቪትዝ ጠዋት ጠዋት ነጭ ጭስ ታወጣለች፣ እኔም ፋሻ ይሆን?

የቄራ ልጅ፦
ሲሞቅ ከጠፋና የራዲያተር ውሃ ካልጎደለ የጠዋት ብርድ ነው፣ ተያት። ውሃ ከጎደለ ወይም የዘይት ክዳኑ ሥር እንደ ወተት የነጣ ነገር ካየሽ ቴስታታ (የሞተሩ ራስ) ሊሆን ይችላል፣ ሌላ ጥያቄ ክፈቺ።