አጋሬ የጣለው የዳይመንድ 8 መልእክቱ ምን ነበር?

ጠያቂ (ከጣና ዳር)፦
ሰላም ለሁላችሁ። እዚህ ባሕር ዳር ሐይቁ አጠገብ ቅዳሜ ቅዳሜ ብሪጅ (ሁለት ለሁለት በጥንድ የሚጫወቱት የካርታ ጨዋታ) የምንጫወት ሰዎች ባለፈው በአንድ እጅ ላይ ስላልተስማማን ፍርዳችሁን እፈልጋለሁ። ባለኮንትራቱ ደቡብ 3 ኖ ትራምፕ (ገዢ ዓይነት ሳይኖር ቢያንስ ዘጠኝ ዙር ለመብላት የተገባ ውል) ይጫወታል፤ እኔ ምሥራቅ ነኝ። ምዕራብ የተቀመጠው አጋሬ በኸርት ከፈተ፤ ደቡብ በኩዊን በላና ወዲያው የዳይመንድ 2 አወጣ። አጋሬ 8 ጣለ፤ ከተዘረጋው እጅ (ለሁሉም ከሚታየው የደቡብ አጋር ካርታ) ኪንግ መጣ። የተዘረጋው እጅ የዳይመንድ ኪንግ፣ ኩዊን፣ ጃክ፣ 10 እና 9 አለው፤ ከዳይመንድ በቀር እዚያ ዙር በልቶ ጨዋታውን ወደዚያ የሚያሻግር ካርታ የለም። እኔ አስ፣ 7 እና 3 ይዣለሁ። አንዱ ወዳጃችን «8 ትልቅ ካርታ ስለሆነ አጋርህ ዳይመንድ እንድትመልስለት ፈልጓል» ይላል፤ ሌላው በሁለተኛው ዙር በአስ መብላት ይበቃል ባይ ነው። እናንተስ ምን ትላላችሁ?

መልስ (ከአባይ ማዶ)፦
ወዳጄ፣ ትልቅ ካርታ «ወድጄዋለሁ» የሚባልበት ዋናው ቦታ እኛ ተከላካዮቹ በከፈትነው የካርታ ዓይነት (ኸርት፣ ስፔድ፣ ዳይመንድ ወይም ክለብ) ላይ ነው። እዚህ ግን ዳይመንድን የሚገፋው ባለኮንትራቱ ራሱ ስለሆነ፣ ያውም ኪንግና ኩዊን ፊት ለፊት ተዘርግተው እያያችሁ፣ አጋርዎ ሊነግርዎ የሚችለው ጠቃሚ ነገር የያዘውን የዳይመንድ ብዛት ብቻ ነው። በተለመደው ስምምነት መጀመሪያ ከፍ ያለ፣ ቀጥሎ ዝቅ ያለ ካርታ መጣል ሙሉ (ለሁለት እኩል የሚካፈል) ቁጥር፣ የተገላቢጦሹ ደግሞ ጎዶሎ ቁጥር ያመለክታል። እርስዎ የማያዩዋቸው 8፣ 6፣ 5፣ 4 እና 2 ናቸው፤ ከእነዚህ ትልቁን አስቀድሞ የጣለ ሰው ሦስት ይዟል ማለት አይቻልም፤ ሁለት ይዟል ብሎ ማሰብ ይቀላል። እንዲያ ከሆነ ደቡብ ሦስት አለው። በሁለተኛው ዙር ቢበሉ ሦስተኛዋ ካርታው መሻገሪያ ሆና ትቀርለትና በዳይመንድ በጠቅላላው አራት ዙር ይበላል፤ አስን እስከ ሦስተኛው ዙር ቢያቆዩ ግን ሁለት ብቻ በልቶ የቀሩት 10 እና 9 እዚያው ታስረው ይቀራሉ። አጋርዎ 8ን ብቻውን ይዞ ከነበረ ደቡብ አራት ስላለው ማቆየትዎ የሚያጎድልብዎ ነገር የለም። ስለዚህ እኔ ያለ ማመንታት ሦስተኛውን ዙር እጠብቃለሁ።

መልስ (ከጎንደር)፦
በዚህ እስማማለሁ፤ አንድ የተዘለለ ነገር ግን አለ። ሦስተኛው ዙር ከተዘረጋው እጅ ስለሚጀመር እርስዎ በአስ ሲበሉ በዙሩ መጨረሻ የሚጥለው አጋርዎ ነው፤ ዳይመንድ ስላለቀበትም ከሌላ ዓይነት ለመጣል ይገደዳል። የስፔድ 9 ቢጥል ስፔድ ይፈልጋል፤ የክለብ 2 ቢጥል ክለብን አይፈልግም። ቀጥሎ ምን እንደሚያወጡ ሳያውቁ በሁለተኛው ዙር ከመብላት ይህን ምልክት መጠበቅ በራሱ ትርፍ ነው።

ጠያቂ፦
ሁለታችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ፤ ስለ ሦስተኛው ዙር የተነገረው በውይይታችን ጨርሶ አልተነሳም ነበር። ታዲያ አጋሬ ብዛቱን ሁልጊዜ በእውነት ማሳየት አለበት ወይ?

መልስ (ከአባይ ማዶ)፦
ሁልጊዜ አይደለም፤ ምልክቱን ባለኮንትራቱም ያነበዋል። እንደዚህ ረጅም ዓይነት ተዘርግቶ መሻገሪያ በጠፋበት እጅ ግን ብዛቱ የግድ ስለሚያስፈልግዎ አጋርዎ ሊያሳስትዎ አይገባም። ስምምነታችሁ ምን እንደሆነ ተጋጣሚዎቻችሁ ከጠየቁ ደግሞ ሳትሸሽጉ ንገሯቸው፤ ካርታውን በማዘግየት ወይም በፊት ገጽታ መልእክት ማስተላለፍ በብሪጅ ሕግ የተከለከለ ነው።